ከደብረ ብርሃን እስክንድርያ ለምትሄዱ

እስክንድርያን ሰሜን ሸዋ ውስጥ በስም የማያውቅ የለም። ስንክሳሩ በተነበበ ቁጥር ስሟ ይነሳል። ታዲያ እዚያ ድረስ ሄዶ ባህሩ ዳር ፎቶ ተነስቶ ብቻ መመለስ ያሳዝናል። ከተማዋን እዩ፣ ግን የቅዱስ ሚናስ ገዳም ላለበት ለመርዩጥ አንድ ሙሉ ቀን መድቡ።

ቪዛውን አዲስ አበባ ጨርሱ። አውሮፕላኑ ካይሮ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ወበቁ ለደጋ ሰው አይሆንም፣ ካይሮም ለእረፍት እዚያው ትጎርፋለች። ጥቅምት ወይም መጋቢት ይሻላል።

ጠዋት ከቃይትባይ ምሽግ ጀምሩ። ምሽጉ በ1477 እ.ኤ.አ. ነው የተሠራው፣ የጥንቱ የፋሮስ መብራት ቤት በቆመበት ቦታ ላይ፤ መብራት ቤቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ደጋግሞ መትቶ ነው የጣለው። ቀጥሎ በ2002 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን አዲሱን ቤተ መጻሕፍት እዩ። ከሰዓት የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል። በር ላይ ፍተሻ ስላለ ፓስፖርት ያዙ። የእኛን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን አትናቴዎስ በዚህ መንበር የተቀመጠ አባት ነው፣ ይህን እያሰባችሁ ግቡ።

አሁን መርዩጥ። ከከተማዋ በደቡብ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መኪና ለደርሶ መልስ ተኮናተሩ፣ ቆሞ የሚጠብቅበትንም አብራችሁ ተነጋገሩ፣ አለበለዚያ ኋላ ጭቅጭቅ ነው። የቅዱስ ሚናስ ገዳም እዚያ ነው። የግብፁ ፓትርያርክ አቡነ ቄርሎስ 6ኛ የተቀበሩትም እዚያው ነው። እኚህ አባት ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ አቡነ ባስልዮስን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አድርገው የሾሙ ናቸው። አቡነ ባስልዮስ ደግሞ የመርሐቤቴ ልጅ ናቸው! ከሰሜን ሸዋ ሄዶ ይህን መቃብር ሳይሳለሙ መመለስ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ከገዳሙ አጠገብ የጥንቱ የአቡ ሚና (የቅዱስ ሚናስ) ከተማ ፍርስራሽ አለ፣ ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። የጥንት ምእመናን ከዚህ ጸበል የሚወስዱት ቅዱሱ በሁለት ግመሎች መሐል በተቀረጸበት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነበር። ያ ዕቃ አውሮፓ ድረስ ተገኝቷል። ጸበል በጀሪካን ይዞ የሚመለስ የእኛ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ምግብ አያስቸግርም። ፉል በየመንገዱ አለ። ጿሚ ከሆናችሁ «ሲያሚ» በሉ፣ የጾም ማለታችሁ እንደሆነ ይገባቸዋል። ብቻ ግብፆች በነቢያት ጾም ዓሣ ስለሚበሉ ዓሣውንም የጾም ብለው ሊያቀርቡላችሁ ይችላሉ፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የወር አቆጣጠራቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። የሚናስ በዓል ለእነሱም ህዳር 15 ይውላል። ንግሡን የምትፈልጉ ያን ቀን ሂዱ፣ ፍርስራሹን ረጋ ብላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ሳምንት ምረጡ።