ቮልስን በቤት ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ በግቢ ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የአባት ወይም የአጎት ናት፤ ልጆች ያድጉና አንድ ቀን «እናድሳት» ይላሉ። የመጀመሪያው ገንዘብ ታዲያ ብዙ ጊዜ ለቀለም ይወጣል። ትልቁ ስህተት ይኸው ነው።

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ቀለም ተቀብታ ካበቃች በኋላ ወለሏ መበየድ ካስፈለገ የብየዳው ፍንጣሪ ይበላዋል፤ ሞተር ሲወጣና ሲገባ ይጫራል፤ የፍሬን ዘይት ጠብ ካለበት ደግሞ ይላጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አዲስ ቀለም ዝገትን ከባለቤቱ ዓይን ይሰውራል።

የቮልስ ዝገት የሚከፋው ከሥር ነው። የኋላ ወንበሩን አንስተው፣ ምንጣፉን ገልጠው፣ በካቻቢቴ ጫፍ ወለሉን ጫን ጫን ያድርጉት። ጤነኛ ላሜራ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው እንደ ድርቆሽ እንክትክት ይላል። በተለይ በቀኝ በኩል፣ ባትሪው የተቀመጠበትን ቦታ ይፈትሹ፤ የፈሰሰ አሲድ ዓመታት ሲበላው ኖሯልና። ለውጩ አካል ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በጭቃ መከላከያውና በበሮቹ ግርጌ ያስኪዱ። ማግኔቱ መያዝ ያቆመበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ሊጥ) አለ ማለት ነው። እኔ ራሴ ከአንዲት ቮልስ በር ሥር ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ፍቄ፣ ከኋላው የተጠቀጠቀ ጋዜጣ አውጥቻለሁ። ያንን የሠራው ሰው መኪናዋን አላዳናትም፤ ለዝገቱ መደበቂያ ሠራለት እንጂ።

ወንበሩን ካነሱ አይቀር የሻንሲ ቁጥሩንም ያንብቡ፤ ከወንበሩ ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ በታች ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ሳያመሳክሩ አንድ ብር አያውጡ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሞተሯ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

የበሰበሰውን ላሜራ መቁረጥም የራሱ ሥርዓት አለው። ከበሮቹ ሥር ግራና ቀኝ የሚሄደው ውስጠ ክፍት ላሜራ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያደርስ መተላለፊያ ብቻ አይደለም፤ አካሏን ቀጥ አድርጎ የያዘውም እሱ ነው። ድጋፍ ሳይደረግለት ከተቆረጠ አካሏ ይሰምጣል፤ በሩ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አይገጥምም። ስለዚህ በበሩ ክፍተት ውስጥ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ ብረት በይደው ያስደግፉ፤ አንዱን ወገን ሳይጨርሱ ሌላውን አይንኩ።

ብሎኖችን በአንድ ጣሳ መሰብሰብም በኋላ ብዙ ቀን ያስከፍላል። እያንዳንዱን በየከረጢቱ ያድርጉ፣ ስሙን ይጻፉበት፣ ሳይፈቱ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የሞተሩ አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ተቀራራቢ ብሎን በግድ ቢያስገቡበት ጥርሱ ይበላል።

ሞተሩ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ቮልሶች የሚሞቱት እዚህ ነውና። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም። የሚያቀዘቅዘው ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጊያ የሚዞረው ፋን የሚገፋው አየር ነው። በዙሪያው የተገጠሙት ላሜራዎችና የጎማ ማሸጊያዎች ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ትኩስ አየር ይለያሉ። አንዳንድ ሰው ሲገጣጥም ሁለት ሦስት ላሜራ ተርፈው ሲያገኛቸው «ያለ እነዚህም ትሄዳለች» ይላል። ትሄዳለች፤ ግን የራሷን ትኩስ አየር መልሳ እየሳበች ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ድሮውንም ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፤ በቀደሙት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የአየር መንገዱን ይጋርድበት ነበር። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ ገለል ያደረገው ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ነው። ስለዚህ የተረፈ ላሜራ ካለ ሥራው አላለቀም። የቫልቭ ክፍተትም (በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው) የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው፤ 0.15 ሚሊ ሜትር። በትኩስ ሞተር ላይ የተለካ አይታመንም።

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመሄድዎ በፊት የመኪናዋን ዓመት ይወቁ። እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ድረስ ያሉት ብዙዎቹ በ6 ቮልት፣ ከ1967 ጀምሮ ያሉት ደግሞ በአብዛኛው በ12 ቮልት ይሠራሉ። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከጀርመን አዲስ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር መቀላቀያ) ቢልክልዎም እንደመጣ አይግጠሙት። ለዝቅተኛ አገር የተመጠነ ነው፤ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) በጥላሸት ይጠቁራል። ዋናው የቤንዚን መምጠኛ ቀዳዳ አነስ ባለ ይቀየር።

የቀሩት ሁለት ስህተቶች እሳት ያስነሳሉ። አንደኛው የባትሪውን ክዳን መተው ነው። ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ይነካል፤ ወንበሩም ይያያዛል። ሁለተኛው አሮጌውን የቤንዚን ጎማ «ገና ነው» ብሎ መመለስ ነው። ውጩ ደህና መስሎ ውስጡ ይሰነጣጠቃል፤ ቤንዚኑም በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ጎማውን ከነማሰሪያው በአዲስ ይቀይሩ፤ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣም አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ከኋላ ይቁም።