ካፒታል ሌተር የት ይገባል፣ የትስ አይገባም?

«አበበ መጣ» ስንል የሰው ስም፣ «ዛፉ አበበ» ስንል ግስ ነው፤ በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። እንግሊዝኛ 26ቱንም ፊደላት በሁለት መልክ፣ በትልቁ (ካፒታል) እና በትንሹ (ስሞል)፣ ስለሚጽፍ ልዩነቱን በዓይን ያሳያል። «ማርች» በካፒታል ሲጀምር የወር ስም ነው፤ በስሞል ሲጀምር ደግሞ ተሰልፎ መጓዝ ነው።

በመጀመሪያ ምንም ማሰብ የማይጠይቁትን ሁለቱን ልመዱ። ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ በካፒታል ይጀምራል፤ ከነጥብ፣ ከጥያቄ ምልክትና ከቃለ አጋኖ በኋላ ማለት ነው። ከኮማና ከሴሚኮለን በኋላ ግን በስሞል ይቀጥላል። ሁለተኛው «እኔ» ማለት የሆነው «አይ» ነው፤ በዓረፍተ ነገሩ መሃልም፣ «አይም» እና «አይቭ» ተብሎ ሲያጥርም ካፒታል ነው። «ሚ» እና «ማይ» ይህ መብት የላቸውም።

ከባዱ ክፍል ስም ነው። ቃሉን ስትጽፉ የአንዱ ብቻ መጠሪያ ነው ወይስ የዓይነቱ ሁሉ ብላችሁ ጠይቁ። «ሪቨር» ብቻውን ማንኛውም ወንዝ ስለሆነ በስሞል ይጻፋል፤ «ናይል ሪቨር» ሲሆን ግን የስሙ አካል ነውና ሁለቱም ቃላት በካፒታል ይጀምራሉ። «ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ለንደን» ውስጥ መሃል ያለው «ኦፍ» ብቻ ስሞል ይሆናል። የዝምድና ስም ሲያጋጥማችሁ በቦታው የሰውየውን ስም አስገቡ። ዓረፍተ ነገሩ ካልተበላሸ ካፒታል ነው፤ ስለዚህ እናትን «ማዘር» ብሎ ሲጠሩ በካፒታል፣ «ማይ ማዘር» ሲሉ በስሞል ይጻፋል። «ዶክተር»ም ከሰው ስም ፊት ሲቆም ካፒታል፣ ሙያን ብቻ ሲገልጽ ስሞል ነው።

የሳምንቱ ቀናትና ወራት ካፒታል ይይዛሉ፤ እንደ «ሰመር» እና «ዊንተር» ያሉ ወቅቶች አይይዙም። የቋንቋና የዜግነት መጠሪያ ሁልጊዜ ካፒታል ነው። ስለዚህ ከትምህርት ዓይነቶች «ኢንግሊሽ» በካፒታል፣ «ባዮሎጂ» በስሞል ይጻፋል። ፈረንሳይኛ የሚያውቁ እዚህ ላይ በብዛት ይሳሳታሉ፤ እዚያ የቀናትም የቋንቋም ስም በስሞል ስለሚጻፍ እጃቸው ልማዱን ይከተላል።

የሰው ንግግር በትእምርተ ጥቅስ ሲገባ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሆነ በካፒታል ይጀምራል። መሃሉን «ሺ ሴድ» ብላችሁ ከቆረጣችሁት ግን ቀሪው በስሞል ይቀጥላል። በደብዳቤ መዝጊያ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ውስጥ የመጀመሪያው ቃል ብቻ ካፒታል ነው።

ከመርሳት ይልቅ ማብዛት ጽሑፍን ያበላሻል። አንድ ቃል አስፈላጊ ስለመሰለ ብቻ ካፒታል አይሰጠውም፤ ሙሉ መልእክት በካፒታል መጻፍም በአንባቢው ዘንድ ጩኸት ነው። የስልክ ኪቦርድንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ ከምህጻረ ቃል ነጥብ በኋላ የሚመጣውን ቃል ሳይፈለግ ካፒታል ሊያደርገው ይችላል።

በእጅ ስትጽፉ ሲ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ቪ፣ ደብልዩ፣ ኤክስና ዜድ ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ የሚለያቸው መጠን ብቻ ነው። ካፒታሉን ከስሞሉ እጥፍ በሚጠጋ ቁመት ካልጻፋችሁት አራሚው እንደ ስህተት ሊቆጥረው ይችላል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሁሉንም በአንድ ንባብ ለማረም አትሞክሩ። መጀመሪያ ነጥቦቹን ብቻ ተከትላችሁ ቀጣዩን ፊደል እዩ፤ ቀጥሎ «አይ»ን ፈልጉ፤ ከዚያ ስሞቹን መርምሩ። በመጨረሻ በዓረፍተ ነገር መሃል ያለውን እያንዳንዱን ካፒታል ለምን እንደመጣ ጠይቁ፤ ምክንያት ካጣችሁለት ወደ ስሞል መልሱት።