ሰርፐንታይን ቤልት ከመግጠማችሁ በፊት ጥብጣብ አዙሩ

የድሮ ጭነት መኪና ሞተር ላይ ያሉትን ቪ ቤልቶች አውጥታችሁ በአንድ ረጅም ሰርፐንታይን ቤልት (በሞተሩ ፊት ባሉት መሽከርከሪያዎች፣ ማለትም ፑሊዎች፣ መካከል እየተጥመለመለ በሚያልፍ ጠፍጣፋ ቤልት) ስትተኩ፣ ሁሉም ነገር ልክክ ብሎ ገጥሞ ሞተሩ ሊግል ይችላል። ተንኮሉ ያለው የውሃ ፓምፑ ላይ ነው። ቤልቱ በጀርባው፣ በለስላሳው ፊቱ፣ ከነካው ፓምፑ በተቃራኒ ይዞራል።

ቤልት ከመግዛታችሁ በፊት የማይለጠጥ ጥብጣብ ውሰዱ። አንዱን ፊት በማርከር አቅልሙት። የቀለመው ፊት ክራንኩን (ቤልቱን የሚነዳውን የሞተሩን ዋና ፑሊ) እንዲነካ አድርጋችሁ፣ ሳይጠማዘዝ ቤልቱ በሚሄድበት መንገድ ሁሉንም ፑሊዎች አዳርሱት። የቀለመው ፊት የነካቸው ፑሊዎች እንደ ክራንኩ ይዞራሉ። ያልቀለመው የነካቸው በተቃራኒ። ፓምፑ ከእነዚህኞቹ ከሆነ በግልባጭ የሚዞር ፓምፕ ያስፈልጋችኋል። ፋኑ ፓምፑ ላይ የታሰረ ከሆነ እሱም አብሮ ይቀየር፤ አለዚያ አየሩን ወደ ራዲያተሩ መልሶ ይገፋዋል።

ጥብጣቡን ሳትጥሉ ለኩት፤ ቤልቱን የሚወጥረውን መወጠሪያ በእንቅስቃሴው መሃል ላይ ይዛችሁ ከሆነ የቤልቱን ርዝመት በግምት ይሰጣችኋል። መወጠሪያው ራሱ ቤልቱ ከክራንኩ በሚወጣበት፣ ላላ በሚልበት በኩል ይሁን።

ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ካልሆኑ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ቤልቱ ጠርዙ እየተበላ ይወረወራል። መጀመሪያ ቀጥ ያለ ብረት አስደግፋችሁ እዩ።