ሐይቅ ላይ ቆሮሶ በመንጠቆ ማጥመድ፤ ከወቅት ወቅት

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው፣ ስሙም ሐይቅ የሆነው ውሃ መካከሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ከዳሩም ብዙ ሳይርቅ ቁልቁል ይወርዳል። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የገባው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ግን የሚበላውም የሚራባውም ደንገልና ፊላ ባለበት ጠባብ ዳር ነው። የማጥመጃውን ክር ወደ መሃል መወርወር ትርፉ ድካም ነው።

ዕቃው ከ3 እስከ 4 ሜትር የቀርከሃ ዘንግ፣ 0.20 ሚሊ ሜትር ናይለን ክር፣ 8 ወይም 10 ቁጥር መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)፣ ተንሳፋፊ ቡሽና ለክብደት የሚሆን ትንሽ የእርሳስ ብረት ነው። እርሳሱን ከመንጠቆው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መቆንጠጥ ነው። ቡሹ ጫፉ ብቻ እንዲታይ ይመዘን፤ በጣም ከተንሳፈፈ አሳው ሲጎትት ይከብደውና ይተፋዋል። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ስለሆነ በትልቅ መንጠቆ ትሉን ዳር ዳሩን ለቅሞ ይሄዳል። ብዙ ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው በዚህ ነው።

የምድር ትል 2 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መሰካት ይበቃል። የስንዴ ሊጥ ከሆነ ጠንከር ተደርጎ ይቦካ፣ ጥቂት ጥጥም ይደባለቅበት፤ ያለዚያ ውሃው ያሟሟዋል። ለአዳኝ አሳ የተሠራ የፕላስቲክ ማጥመጃ እዚህ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቆሮሶ በዋናነት አልጌ በል ነው።

በኅዳርና በጥር መካከል ጠዋት ውሃው ይበርዳል። ከ4 ሰዓት በፊት መቸኮል አያስፈልግም፤ ፀሐይ ዳሩን እስኪያሞቀው ማጥመጃውን ወደ 2 ወይም 3 ሜትር ጥልቀት ማውረድ ይሻላል። በዚህ ወቅት የላዩ ውሃ ሲቀዘቅዝ ከታች ካለው ኦክስጅን አልባ ውሃ ጋር ሊደባለቅ ይችላል። አሳው ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ከታየ ትንፋሽ አጥሮታል፤ ያን ቀን አይበላም።

ውሃው ሲሞቅ ወንዱ ከ1 ሜትር ባነሰ ጥልቀት አሸዋ ላይ ክብ ጎጆ ይቆፍራል፣ የቀረበውንም ያባርራል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ስለምትይዝ እምብዛም አትበላም። ብትያዝና እንቁላል ወይም ጫጩት ብትተፋ ወዲያው መልቀቅ ነው። ጎጆ ላይ ያለውን ወንድ መያዝ ቀላል ነው፤ ግን ባይነካ ይሻላል።

ክረምት ጎርፍ ሲያደፈርሰው ሊጡን ትቶ ትል መጠቀም፣ የደፈረሰውና የጠራው ውሃ የሚገናኙበትን መስመር መፈለግ ነው። አምባዛ የሚፈልግ ሰው ግን ድፍርሱን አይጠላውም፦ 0.40 ሚሊ ሜትር ክር፣ 1/0 የሚባለው ትልቅ መንጠቆ፣ ጉበት፣ የውሃው ወለል ታች ላይ፣ ከመሸ በኋላ።

ቡሹ ወደ ጎን ሲንሸራተት ዘንጉን በእጅ አንጓ ብቻ ቀና ማድረግ ነው፤ በኃይል መመንጨቅ ስስ ከንፈሩን ይቀድዳል። ሲያዝ የጀርባው እሾህ እንዳይወጋ መዳፍን ከራሱ ወደ ጭራው እያንሸራተቱ እሾኹን ማስተኛት ይገባል። ለደሴ ወይም ለኮምቦልቻ የሚጓዝ ከሆነ አንጀቱ እዚያው ይውጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል። በታሰረ ፌስታል የተጫነ አሳ ቤት ሳይደርስ ይሸታል።