የዓይን ሥር ጥቁረት በሜካፕ አልሸፈን ሲል፦ ዕድሜው ገፋ ላለ ቆዳ

ኮንሲለሩ ሸፈነው፣ ግን የዓይን ሥር አመድ መሰለ

ጠይምና ጠቆር ባለ ፊት ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። የዓይን ሥር ጥቁረት ሰማያዊነት ወይም ቡናማነት አለው፤ በላዩ ላይ ነጣ ያለ ኮንሲለር (ጥቁረትና ነጠብጣብ መሸፈኛ ሜካፕ) በቀጥታ ሲቀባ ሁለቱ ተደባልቀው ግራጫ ይሆናሉ። ስለዚህ ከማንጣት በፊት ቀለሙን መግደል ያስፈልጋል። ይህ የኮሬክተር (ከኮንሲለር በፊት የሚቀባ ቀለም አስተካካይ) ሥራ ነው፦ ለቀይ ዳማ የኮክ ቀለም ያለው፣ ለጠይም ብርቱካናማ፣ በጣም ለጠቆረ ደግሞ ወደ ቀይ የሚያደላ ብርቱካናማ። ጥቁረቱ ባለበት ቦታ ብቻ ይቀቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግና ከዚያ በሚወርደው ጎድጓዳ መስመር ላይ ነው። ኮንሲለሩ መላ ፊት ላይ ከሚቀባው ፋውንዴሽን ጋር እኩል፣ ቢበዛ በአንድ ደረጃ የነጣ ይሁን። ሲገዙም በሱቁ መብራት አይመኑ፤ በር ላይ ወጥተው በቀን ብርሃን ይዩት።

ትንሽ ቆይቶ ሽብሽቡ ውስጥ ገብቶ መስመር ሠራ

የዓይን ሥር ቆዳ ስስ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ እርጥበቱና መለጠጡ ይቀንሳል። በሳቁ ቁጥር የተረፈው ሜካፕ ወደ እጥፋቱ ይገፋል። ጥፋቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የመጠን ነው፤ ለአንድ ዓይን የሩዝ ፍሬ የሚያህል ኮንሲለር ይበቃል።

የዓይን ክሬሙን በስሱ ቀብተው 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቆዳው ያልመጠጠውን በሶፍት ጫን አድርገው ያንሱ። ኮሬክተሩን፣ ቀጥሎ ኮንሲለሩን በቀለበት ጣት መታ መታ እያደረጉ ያዋህዱ፤ አይጎትቱ። 1 ደቂቃ ያህል ቆይተው፣ ወደ ላይ እያዩ፣ መስመር የሠራውን በእርጥብ ስፖንጅ ይጫኑት። ፓውደር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም በትንሽ ብሩሽ ጫፍ፣ እጥፋቱ ላይ ብቻ። ፓውደር ከምሮ ማቆየት ለወጣት ቆዳ ያምር ይሆናል፤ እዚህ ግን ያለችውን እርጥበት መጥጦ ሽብሽቡን ያጎላዋል።

ደርቆ ተሰነጣጠቀ

ምክንያቱ ማት (የማያብለጨልጭ፣ ደረቅ ያለ) ኮንሲለር ሊሆን ይችላል። ፈሳሽና እርጥበት የሚሰጥ ዓይነት ይተኩት። ለጊዜው ግን ስፖንጁ ላይ ጠብታ የዓይን ክሬም አድርገው ይጫኑበት፤ በላዩ ሌላ ኮንሲለር አይጨምሩ።

እብጠቱ ይበልጥ ጎላ

የሚታየው ጥላ እንጂ የቆዳ ቀለም ላይሆን ይችላል። ነጣ ያለ ቀለም ያበጠውን ወደ ፊት ያወጣዋል። እብጠቱን ትተው ከሥሩ ባለው የጥላ መስመር ላይ ብቻ በቀጭን ብሩሽ ኮንሲለር ይቀቡ። ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ማስቀመጥም ይረዳል።

በፍላሽ ፎቶ ላይ ዓይን ሥር ነጭ ሆነ

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሲሊካ (የፍላሽ ብርሃን የሚመልስ ማዕድን) ያለበት ነጭ ፓውደር ነው። ለሠርግና ለምርቃት ቀለም ያለውን ይጠቀሙ፤ ከቤት ሳይወጡም በስልክ ፍላሽ ይሞክሩት።

ጥቁረቱን ለማጥፋት ብለው የማንጫ ክሬም ዓይን ሥር እንዳይቀቡ። ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ያለበት ከሆነ ቆዳውን ያሳሳል፤ ደም ሥሩ ይበልጥ ይታያል፤ ሲቆይም የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። በአንድ ዓይን ብቻ ድንገት የመጣ እብጠት ወይም ጥቁረት ከሆነ ደግሞ ሜካፑን ትተው ሐኪም ያሳዩ።