ሕፃኑ አልቅሶ አልቅሶ እምቢ ሲላችሁ

ልጃችን ስድስት ሳምንት ሲሞላት ማታ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ለቅሶዋ አያባራም ነበር። ጡት ጠባች፣ ዳይፐሯን ቀየርን፣ ሙቀቷን ለካን። ምንም የለም። ብዙ ሕፃናት በዚህ ዕድሜ ለቅሷቸው ይበረታል፤ ከሦስት ወር በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል።

እኔ አንገቷን ደግፌ ደረቴ ላይ አስተኛትና እሹሩሩ እያልኩ በኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ፊቴን ወደ ፊቷ አቀርባለሁ። አራስ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው 25 ሳንቲሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለውን ነው።

ንዴት ሲመጣባችሁ ግን፣ አባቶች በተለይ ስሙኝ፣ ሕፃኑን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኙትና ከክፍሉ ውጡ። አምስት ደቂቃ ተንፍሱ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ እዩት። በፍጹም እንዳትነቀንቁት! አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ዓይነ ስውር ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። እኔ አንድ ሌሊት ክንዷን ጠበቅ አድርጌ መያዜን ሳውቅ ደነገጥኩ። ባለቤቴን ቀስቅሼ «እባክሽ ተቀበይኝ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በተራ ሆነ፤ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት እኔ፣ ከዚያ እሷ። እናቴም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ እኛ እንተኛለን።

ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም አልጠባም ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱት።