ደሴ ላይ አልቀላም ያለው ቲማቲም፦ በጓሮ አትክልት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጓሯችን አራት ሜትር በስድስት የምትሆን ቁራሽ መሬት ናት። የጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ስለሆነች ድንጋይ አያጣትም። በየዓመቱ እለቅማለሁ፣ በየዓመቱ ደግሞ አዲስ ይወጣል። እዚህች መሬት ላይ አትክልት መትከል ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ጎመን ጠግበን በልተናል፣ ቆስጣ ለጎረቤት አድለናል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ባዶ መደብ ታቅፈን ቀርተናል። ጥቂቱን ጥፋት ውርጭና በረዶ አመጡት። የቀረውን እኔው ነኝ ያመጣሁት። አንዳንዱን እህቴም ትጋራኛለች፤ እሷ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው።

ኮምቦልቻ የበቀለ ደሴም ይበቅላል ማለት

የመጀመሪያው ዓመት ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ከእህቴ ቤት አሥራ ሁለት የቲማቲም ችግኝ በካርቶን ይዤ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር ካርቶኑን እንደ ሕፃን እያቀፍኩ። ቤት ስደርስ አንድም አልተሰበረም። ተከልኩ፣ አጠጣሁ፣ እንጨት አቆምኩላቸው።

ታኅሣሥ ሲገባ እህቴ ቲማቲም ለቅማ ለድልህ የሚሆን እንኳ ተርፏት ነበር። የኔው ግን እንደ ድንጋይ የጠጠረ አረንጓዴ ፍሬ ይዞ ቆመ። አይቀላም፣ አይወድቅም። አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ ሁሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ውርጭ ነው። ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ አሻግረው አዩና «አብሽር ልጄ፣ ነቅለህ ጎመን ትከልበት» አሉኝ። ነቅዬ ጎመን ተከልኩበት።

በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከፍታ ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ሐረጎን ሲወጡ 4 ዲግሪ ገደማ ጥለው ነው የሚወጡት። ለሰው ጃኬት መደረብ ነው። ለቲማቲም ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ መያዝ ያቅተዋል፤ የያዘውም መቅላቱን ያዘገያል።

ደሴ ቲማቲም አይሆንም እያልኩ አይደለም። ወሩ ነው የሚለየው። አሁን ዘሩን ጥር ላይ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ አፈላለሁ። ውርጩ ሲያልፍ የካቲት መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር አወጣዋለሁ። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልስለታል። ክረምቱ ከመክበዱ በፊት፣ ሰኔ ላይ፣ ጥቂት እንለቅማለን። ብዙ አይደለም። ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለካሮት፣ ለቀይ ሥር፣ ለድንችና ለነጭ ሽንኩርት ግን የደሴ ብርድ ስጦታ ነው። እህቴ የምትተክለው ሰላጣ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ግንድ ያወጣና ይመርራል። የኔው ለሳምንታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ብቻ ነው የምበልጣት፣ እሱንም ሳልነግራት አልቀርም።

ክረምቱን እንደ ነፃ ውሃ መቁጠር

ሰኔ ሲገባ ሁላችንም ደስ ይለናል። ጀሪካን መሸከም ቀረ፣ ከሮቶ መቅዳት ቀረ። ባገኘነው ቦታ ሁሉ እንተክላለን። ሐምሌ ላይ ግን አትክልት የሚሞተው በውሃ ጥም ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። የተኛ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ካሮት ከታች መበስበስ ይጀምራል፤ ከላይ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ሰው ውሃ የጠማው መስሎት ይጨምርለታል።

መደቡን ከመተላለፊያው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ መደቡ ተዳፋቱን አቋርጦ ይተኛ እንጂ ቁልቁል አይውረድ። እኔ ቁልቁል አውጥቼው አንድ ሐምሌ ላይ የካሮት ዘሬ ከነአፈሩ የጎረቤት በር ላይ ተገኘ። ይቅርታ ጠይቄ በአካፋ መለስኩት። ዘሩ ግን አልተመለሰም።

የክረምቱ ትልቁ ጣጣ ግን ድንች ላይ ነው። ሰዉ «ምች መታው» የሚለው በሽታ። መጀመሪያ የቅጠሉ ጫፍ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ቡናማ ነጥብ ይወጣል። ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ብታዩ በነጥቡ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ አለ። ብርድና እርጥበት ከተመቸው መደቡን ለመጨረስ ሳምንት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው፤ እንዲያ ያለ ታሪክ ያለውን ነገር በጓሮ ብልሃት ብቻ አሸንፈዋለሁ ማለት ይከብዳል። ጉዳቱን መቀነስ ግን ይቻላል። አራርቆ መትከል፣ አፈር በደንብ ማስታቀፍ፣ የታመመውን ቅጠል ቶሎ ቆርጦ ከጓሮ ማውጣት። ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩት። ዘሩንም ምረጡ። በለጠና ጉደኔ የተባሉት ዝርያዎች ከድሮዎቹ ይልቅ ይህን በሽታ ይቋቋማሉ። ከገበያ ለወጥ ከተገዛው ድንች ላይ ያቆጠቆጠውን መትከል ርካሽ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሆኖልኝም ያውቃል፣ ጉድ ሠርቶኝም ያውቃል።

ማስታቀፍ ስል ሌላም ጥቅም አለው። ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ደግሞ ይመርራል፣ ሆድም ያውካል። ለልጅ አይሰጥም።

ትኩስ እበት ማልበስ

«ፍግ ጨምርበት» የሚል ምክር ከማንም ትሰማላችሁ። ፍግ የቱ እንደሆነ ግን የሚነግር የለም። እኔ ከከብት አርቢ አንድ ማዳበሪያ ትኩስ እበት አምጥቼ ካሮት መደብ ላይ አለበስኩ። (ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ነው። በኛ ቋንቋ ዕቃውም ውስጡ ያለውም በአንድ ስም መጠራቱ ገበያ ላይ ስንት አጉል ንግግር አስከትሏል መሰላችሁ።) ካሮቱ ሲነቀል እግር አውጥቶ ነበር። አንዱ ሦስት እግር፣ አንዱ ሱሪ የለበሰ ሰው ይመስላል። ልጆቹ ተደሰቱበት። እናታቸው ስትልጠው ግን አልተደሰተችም።

ትኩስ እበት ካሮትን ከማስቆርቆዙና እግር ከማስወጣቱ ሌላ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል፤ የዶሮ ፍግ ደግሞ ጭራሽ ሥር ያቃጥላል። ጥሬውን ለሚበላ ነገር፣ ለሰላጣ ለምሳሌ፣ በሽታም ያስተላልፋል። ቢያንስ ሦስት ወር ተከምሮ ይብሰል። ሲበስል እበት እበት ማለቱን ትቶ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። መፈተኛው አፍንጫ ነው።

እኛ ቤት የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላና የደረቀ ቅጠል አብረን እንከምራለን። የጫት ትራፊው፣ ገረባም፣ ከቤት አይጠፋም፤ ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ እንጨቱን ግን ቆራርጣችሁ ካልጨመራችሁት ዓመት ይቆያችኋል። ደሴ ላይ ክምሩ በብርዱ ምክንያት ስለሚዘገይ በላስቲክ ሸፍኑት። የኮምቦልቻዋ እህቴ በሦስት ወር የምታደርሰውን እኔ አምስት ወር እጠብቃለሁ።

ዘር እንደ ጨው መበተን፣ ከዚያ ለመንቀል ማዘን

የካሮት ዘር ደቃቅ ነው። ከጣት ያመልጣል፣ አንድ ቦታ ይከመራል። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉትና በመስመር ዝሩት። ካሮት ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይበቅል ሊቆይ ስለሚችል «አልበቀለም» ብላችሁ በላዩ ሌላ አትዝሩበት። እኔ ዘርቼበታለሁ፤ ሁለቱም አንድ ላይ በቀለ።

ከዚያ ማሳሳት ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸነፈው። ደህና የበቀለ ነገር መንቀል ያሳዝናል። ባለቤቴ «እንዴት ጤነኛውን ትነቅላለህ?» ትለኝ ነበር። ካልነቀልኩት ግን መቶ ክር የሚያህል ካሮት ነው የምናገኘው። በካሮት መሀል አራት አምስት ሴንቲ ሜትር፣ በቆስጣ መሀል 30፣ በጥቅል ጎመን መሀል 40 ወይም 50 ይተው። የተነቀለው የጎመንና የቆስጣ ችግኝ ሌላ ቦታ ይተከላል። ካሮት ግን ተነቅሎ ከተተከለ ይጣመማል፣ አትድከሙ።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት

ከሥራ ስንመለስ መደቡን ረጨት ረጨት አድርገን እንገባለን። ላዩ ይረጥባል፣ ኅሊናችንም ያርፋል። ታች ግን አቧራ ነው። ሥርም ውሃ ባለበት ላይ ላዩን ይቀራል፣ አንድ ቀን ካላጠጣችሁት ይጠወልጋል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ስደዱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ደረቅ ከሆነ እስኪጠግብ አጠጡና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ለተዘራና ገና ላልበቀለ ብቻ ነው የየቀኑ ረጨት የሚያስፈልገው።

ቲማቲም አንድ ሳምንት ተጠምቶ በሚቀጥለው ሳምንት ቢያጥለቀልቁት ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ቂጡም ይጠቁራል። እህቴ ይህን በሽታ መስሏት መድኃኒት ልትገዛ ነበር። ሣር ጎዘጎዘችበት፣ ውሃውን አስተካከለች፣ ከዚያ በኋላ የያዘው ፍሬ ደህና ሆነ።

ውሃው ከየት እንደሆነም እዩ። ቦርከና ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ነው። ከዚያ ተቀድቶ የጠጣ ሰላጣ በጥሬው አልበላም፣ በሎሚ ቢታጠብም።

ያገኙትን መድኃኒት መርጨት

ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲወርድ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ደቃቅ አመድማ ነፍሳት ተጣብቀዋል። አንድ ወዳጄ በሃይላንድ የተቀዳ፣ ስም ያልተጻፈበት ፈሳሽ ሰጠኝ። «ጠብ አድርግበት፣ ድራሹ ይጠፋል» አለኝ። ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ልጆቼ ከዚያው መደብ ሰላጣ ቀንጥሰው ይበላሉ። መለስኩለት፣ ትንሽ ተቀየመኝ።

ማንኛውም ፀረ ተባይ ከተረጨ በኋላ አትክልቱ ሳይበላ የሚቆይበት ቀን አለው፤ ያ ቀን የተጻፈው ደግሞ መጀመሪያው ዕቃ ላይ ነው። ዕቃው ከሌለ ቀኑም መጠኑም የለም። ለጓሮ ያህል በጊዜ ከደረሳችሁ ውሃ በኃይል መርጨትና በጣት መጥረግ ይበቃል፤ ካልበቃ በአንድ ሊትር ውሃ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ወደ ማታ መርጨት። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካያችሁ አትንኳት፣ ክሽክሽ በሊታ ናት።

ጠዋት ስትወጡ ችግኙ ከሥሩ በመቀስ የተቆረጠ መስሎ ከተኛ ግን ያ ሌላ ነው፤ ቆራጭ ትል ነው። ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። የተቆረጠውን ችግኝ ዙሪያ ጫር ጫር አድርጉ፣ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። አዲስ ለምትተክሉት የሃይላንድ ጠርሙስ እንደ ቀለበት ቆርጣችሁ በግንዱ ዙሪያ አፈር ውስጥ ቅበሩለት።

ዶሮዎችን ማመን

ዶሮ ችግኝ አትነካም የሚል ሰው ዶሮ ኖሮት አያውቅም። እጠሩ።

ሁሉን በአንድ ቀን መዝራት፣ ሁልጊዜም አንድ ቦታ

አንድ ዓመት ሙሉውን የሰላጣ ፓኬት በአንድ ቅዳሜ ዘራሁ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላጣ በላን፣ ለጎረቤት ሰጠን፣ ጎረቤት ሰለቸው። በሚቀጥለው ወር ሰላጣ ከገበያ ገዛሁ። አሁን በየሦስት ሳምንቱ አንድ መስመር ብቻ ነው የምዘራው።

ቦታም ይቀያየር። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ አንድ ዘመድ ናቸው፣ በሽታቸውም ይተላለፋል። ድንች የነበረበት ላይ ቲማቲም አይከተል፤ ባቄላ ወይም ጎመን ይግባበት፣ ዘመዶቹ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ይመለሱ። ጠባብ ጓሮ ላይ ይህ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኔ በማስታወሻ ደብተር ላይ አራት ካሬ ስዬ የቱ የት እንደነበር እጽፋለሁ። በቃል የምይዝ መስሎኝ ነበር፣ አልቻልኩም።

ዘሩን ሳይፈትሹ መሬቱን ማዘጋጀት

ሁለት ቀን ቆፍሬ፣ ድንጋይ ለቅሜ፣ መደብ አውጥቼ የዘራሁት ሽንኩርት አንድም ሳይበቅል ቀርቶ ያውቃል። የሽንኩርት ዘር ከዓመት በላይ ሲቀመጥ ይደክማል። የቲማቲም ዘር በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ፓኬቱ ግን ሁለቱንም እኩል አሳምሮ ያሳያችኋል። ስለዚህ አሥር ዘር ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ በላስቲክ አድርጋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በአሥር ቀን ሰባት ስምንት ከበቀለ ዝሩት። አምስት ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ።

ባለፈው ሳምንት የፈተንኩት ሽንኩርት ከአሥሩ ሁለት ብቻ በቀለ። ሁለቱን ቃሪያ በተተከለበት ጣሳ ጥግ ቀበርኳቸው፣ ፓኬቱን ጣልኩት። ሰኞ ገበያ ስሄድ ሌላ እገዛለሁ።